ከትንንሾቹ ትራንዚስተሮች መካከል የቱን እንምረጥ?

(ከአንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

በዘንድሮው የትምህርት ዓመት በኤሌክትሮኒክስ ክበባችን ውስጥ እንደ ትራንዚስተር ምርጫ ያከራከረን ነገር የለም። ነገሩ ለሌላ ሰው ተራ መስሎ ይታይ ይሆናል። ትንሹ ትራንዚስተር ከባቄላ ፍሬ የማይበልጥ፥ ሦስት ቀጫጭን እግሮች ያሉት ጥቁር ዕቃ ነው፤ ዋጋውም እምብዛም አይደለም። ነገር ግን ወላጆች ባዋጡት ገንዘብ 50 ፍሬ እንድንገዛ በተፈቀደልን ጊዜ፥ ገንዘቡ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ስለ ሆነ፥ ክበቡ በሦስት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን፦ «2ኤን2222 ለሁሉ ይሆናል፤ ሌላ አያስፈልግም» አለ። ሁለተኛው ቢሲ547ን፥ ሦስተኛው 2ኤን3904ን ደገፈ። የፊዚክስ መምህራችንም ክርክሩን ጥቂት ካዳመጡ በኋላ፦ «በስም አትከራከሩ፤ በቁጥር ተከራከሩ» ብለው የአምራቾቹን ሠንጠረዥ እንዳጠና አዘዙኝ። በክበቡ ፊት ያቀረብሁትን ትምህርት ወላጆችም ሊከተሉት እንዲችሉ ጥቂት አስፋፍቼ እነሆ በመጽሔታችን አውጥቼዋለሁ።

ልንሠራው ያሰብነው ዕቃ የውኃ ደወል ነው። በእኛ ሰፈር ውኃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ነው። ቧንቧው በመጀመሪያ ያፏጫል፥ ቀጥሎም ይተፋል፥ ከዚያም ውኃው ይወርዳል። ይህን ፉጨት ለመስማት ሲሉ እናቶቻችን እንቅልፍ አጥተው ያድራሉ፤ እንቅልፍ የጣላቸው እንደ ሆነ ደግሞ ጀሪካኑ ሁሉ ባዶ ሆኖ እስከሚቀጥለው ፈረቃ መጠበቅ ግድ ይሆናል። ስለዚህ ከቧንቧው ሥር በተቀመጠ ጣሳ ውስጥ ሁለት ዘንጎች ቆመው፥ ውኃው ሲነካቸው ደወል የሚያስጮህ ዕቃ ለ20 ቤቶች ለመሥራት ቃል ገባን። ቃል የገባንለት ደወል በሌሊት ሳይጮህ ቢቀር ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል። የምርጫው ነገር ያከራከረንም በዚህ ምክንያት ነው።

ትራንዚስተር የተፈለሰፈው በ1947 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በታኅሣሥ ወር በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪዎች ነው። ባርዲን፥ ብራተንና ሾክሊ የተባሉት ሊቃውንት በዚሁ ሥራቸው በ1956 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል። ሥራውን ለመረዳት የመስኖ ቦይን ማሰብ ይበቃል። አንድ ልጅ ትንሿን የቦይ መዝጊያ ከፍ ቢያደርግ ብዙ ውኃ ወደ ማሳው ይገባል፤ ውኃውን የሚገፋው ግን የልጁ ጉልበት አይደለም። በትራንዚስተርም ውስጥ በቤዝ እግር የሚገባው ጥቂት ኮረንቲ ከኮሌክተር ወደ ኢሚተር የሚያልፈውን ብዙ ኮረንቲ ይከፍታል፤ ኀይሉን የሚሰጠው ግን የባትሪው ድንጋይ ነው።

ወደ ምርጫው ከመግባታችን በፊት ስለ ስሞቹ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። በዕቃው ላይ ያሉት ፊደሎች የላቲን ናቸው፤ እኔ ግን እንደሚነበቡ አድርጌ ጽፌአቸዋለሁ። «2ኤን» የአሜሪካ ምዝገባ ነው። ዲዮድ ሁለት እግር ስላለው በ1 ይጀምራል፤ ትራንዚስተር ግን ሦስት እግር ስላለው በ2 ይጀምራል። ከዚያ የሚከተለው ቁጥር የምዝገባ ተራ እንጂ የጉልበት መለኪያ አይደለም። ከጓደኞቻችን አንዳንዶቹ «3904 ከ2222 ስለሚበልጥ ይበረታል» ይላሉ፤ እውነቱ ግን፥ ወደ ኋላ እንደምናየው፥ የተገላቢጦሽ ነው። የአውሮፓው አሰያየም ከዚህ የተሻለ ትርጉም አለው፤ «ኤ» ጀርማኒየም፥ «ቢ» ሲሊኮን ማለት ነው። ሁለተኛው ፊደል ሥራውን ይነግራል፤ «ሲ» ለድምፅና ለአነስተኛ ኀይል፥ «ዲ» ለትልቅ ኀይል፥ «ኤፍ» ለሬዲዮ ሞገድ። እንግዲህ ቢሲ547 ስሙ ራሱ ሲሊኮንና አነስተኛ መሆኑን ያስረዳል። ጃፓኖች ደግሞ «2ኤስሲ» ይሉና ዕቃው ላይ ሲያትሙት «2ኤስ» የሚለውን ይተዉታል። ከአሮጌ ሬዲዮ ተነቅሎ «ሲ945» ወይም «ሲ1815» የሚል የተገኘ እንደ ሆነ 2ኤስሲ945 ወይም 2ኤስሲ1815 መሆኑን ማወቅ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። መጀመሪያ የሚጠየቀው ትራንዚስተሩ በኮሌክተርና በኢሚተር መካከል ስንት ቮልት ይችላል የሚለው ነው። 2ኤን3904 40 ቮልት፥ ቢሲ547 45 ቮልት፥ 2ኤን2222 30 ቮልት፥ መጨረሻው ላይ «ኤ» የተጨመረበት ደግሞ 40 ቮልት ይችላሉ። እኛ የምንጠቀመው በአራት የባትሪ ድንጋይ፥ ማለትም በ6 ቮልት ስለ ሆነ ሁሉም ያልፋሉ። ስለ ፍጥነትም ብዙ አንጨነቅም፤ 2ኤን3904 እስከ 300 ሚሊዮን ዑደት በሴኮንድ ይደርሳል፤ ለደወል ግን ይህ ሁሉ ትርፍ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው በኮረንቲ ነው። ቢሲ547 የሚችለው 100 ሚሊ አምፔር ብቻ ነው። 2ኤን3904 200 ይችላል። 2ኤን2222ኤ ግን እስከ 800 ሚሊ አምፔር ይሸከማል፤ አንዳንድ አምራቾች ለፕላስቲኩ ዓይነት 600 ብለው ይጽፋሉ። ለአንዲት አነስተኛ መብራት 10 ሚሊ አምፔር ስለሚበቃት ከሦስቱ ማንኛውም ይሆናታል። በገበያ የሚገኘው ትንሹ ጯሂ 30 ገደማ ይፈልጋል። እኛ የመረጥነው የቤት ደወል ግን በቴስተር ስንለካው በ6 ቮልት 250 ሚሊ አምፔር ይወስዳል፤ ምክንያቱም የተኛን ሰው የሚቀሰቅሰው ጠንካራ ደወል እንጂ እንደ ትንኝ የሚጮህ ዕቃ አይደለም። እንግዲህ ቢሲ547ም ሆነ 2ኤን3904 ይህን ደወል በቀጥታ ሊነዱ አይገባቸውም።

በዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። በሠንጠረዡ ላይ የተጻፈው ትልቁ ኮረንቲ ዕቃው ሳይሞት የሚሸከመው መጠን እንጂ ጥሩ ሥራ የሚሠራበት መጠን አይደለም። 2ኤን3904ን ብንወስድ፥ በ10 ሚሊ አምፔር ላይ የማባዣ ቁጥሩ ከ100 እስከ 300 ነው፤ ማለት በቤዝ የገባውን ኮረንቲ ቢያንስ መቶ እጥፍ ያደርገዋል። በ100 ሚሊ አምፔር ላይ ግን አምራቹ ዋስ የሚሆነው ለ30 እጥፍ ብቻ ነው። በሬ ቀላል ጭነት ሲጎትት ፈጥኖ እንደሚሄድ፥ ጭነቱ ሲከብድ እንደሚያዘግም ያህል ነው። 2ኤን2222ኤ በአንጻሩ ከ100 እስከ 300 እጥፍ የሚያባዛው በ150 ሚሊ አምፔር ላይ ነው። ከዚህም የተነሣ 2ኤን2222ን የደገፉት ጓደኞቻችን ስለ ደወሉ በኩል ያሉት ትክክል ነው።

ስለ ውኃው በኩል ግን እንዲህ አይደለም። ሁለቱን ዘንጎች አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል አራርቀን በቧንቧ ውኃ ውስጥ ብንነክራቸው ተቃውሞው 50 ሺህ ኦም ያህል ሆኖ አገኘነው፤ ይህም እንደ ዘንጎቹ ርዝመትና እንደ ውኃው ጨው ይለያያል። ከዘንጎቹ ጋር በተከታታይ 10 ሺህ ኦም እንጨምራለን፤ ይኸውም ዘንጎቹ እርስ በርሳቸው የተነካኩ እንደ ሆነ ትራንዚስተሩ እንዳይቃጠል ነው። ትራንዚስተሮቹን ሁለት አድርገን፥ የመጀመሪያው ኢሚተር ወደ ሁለተኛው ቤዝ እንዲገባ አድርገን ስንቀጥላቸው፥ በየቤዛቸው 0.7 ቮልት ስለሚቀር በጠቅላላው 1.4 ቮልት ይወሰዳል። ከ6 ቮልት 1.4 ሲቀነስ 4.6 ይቀራል፤ ይህን ለ60 ሺህ ኦም ስናካፍለው 0.077 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ውኃው የሚሰጠን ጉልበት በሙሉ ይኸው ነው፤ ከዚህች ጠብታ ተነሥተን 250 ሚሊ አምፔር መድረስ አለብን።

እዚህ ላይ የቢሲ547 ጥቅም ጎልቶ ይታያል። ይህ ትራንዚስተር በአምራቹ ተለክቶ በሦስት መደብ ይከፈላል፤ «ኤ» ከ110 እስከ 220፥ «ቢ» ከ200 እስከ 450፥ «ሲ» ከ420 እስከ 800 እጥፍ ያባዛል። መደቡ በዕቃው ላይ ከስሙ ቀጥሎ ይታተማል። ገበያ የሄደ ሰው «ቢሲ547 አለ?» ብሎ ጠይቆ የመጨረሻዋን ፊደል ሳያይ የገዛ እንደ ሆነ፥ የገዛውን አያውቅም። 0.077 ሚሊ አምፔርን በ«ኤ» መደብ ትንሹ ቁጥር ብናባዛ 8.5 ገደማ፥ በ«ቢ» 15 ገደማ፥ በ«ሲ» 32 ገደማ ሚሊ አምፔር ይሆናል። ከኮሌክተሩ ጋር 220 ኦም ስለምናስገባ ግን ኮረንቲው ከ22 ሚሊ አምፔር እንዲያልፍ አንፈቅድለትም። 2ኤን2222ኤን በዚህ ቦታ ብናስገባው፥ በዚህ በትንሽ ኮረንቲ ላይ አምራቹ ዋስ የሚሆንለት ለ75 እጥፍ ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፥ የምንተማመንበት 6 ሚሊ አምፔር እንኳ አይሞላም። አብዛኞቹ ፍሬዎች ከዚህ የበለጠ ይሠራሉ፤ ነገር ግን እኛ 20 ደወል ስንሠራ 20ዎቹም እንዲጮሁ ስለምንፈልግ የምንቆጥረው ትንሹን ቁጥር ነው።

«6 ሚሊ አምፔርስ ቢሆን ምን አለበት? ሁለተኛው ትራንዚስተር ያባዛው የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። መልሱ ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ትራንዚስተር እንደ ማብሪያና ማጥፊያ ሆኖ ሲሠራ ወይ ሙሉ በሙሉ መዘጋት፥ ወይ ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት በላዩ የሚቀረው 0.2 ቮልት ገደማ ነው፤ በ250 ሚሊ አምፔር ሲባዛ 50 ሚሊ ዋት ብቻ ይሆናል። ግማሽ ተከፍቶ ቢቀር ግን ከ6ቱ ቮልት 3ቱን ለራሱ ይይዛል፤ ደወሉም 24 ኦም ስለ ሆነ 125 ሚሊ አምፔር ያልፋል፤ 3 በ0.125 ሲባዛ 375 ሚሊ ዋት ነው። ይህን ያህል ፕላስቲክ ያለበሰ ትራንዚስተር ለያንዳንዱ ዋት በ200 ዲግሪ ያህል ይግላልና፥ ውስጡ ከአካባቢው አየር በ75 ዲግሪ ይበልጣል፤ ጣት የሚያስነካ አይደለም። ደወሉ ደግሞ በ3 ቮልት ጩኸቱ ይደክማል ወይም ጭራሽ ዝም ይላል። እንግዲህ የባትሪው ድንጋይ እያለቀ፥ ትራንዚስተሩ እየጋለ፥ ውኃው እየወረደ፥ ሰው ሁሉ ተኝቶ ያድራል ማለት ነው። ስለዚህ ልማዱ ለሁለተኛው ቤዝ ከሚነዳው ኮረንቲ አንድ አሥረኛውን ያህል መስጠት ነው። ለ250 ሚሊ አምፔር 22ቱ ለዚህ ይቀርባል፤ 6ቱ ግን በጣም ይርቃል።

ለሁለተኛው ቦታ ከ2ኤን2222 ሌላ አንድ ተፎካካሪ አለ፤ እሱም ቢሲ337 ነው። 45 ቮልትና እንደ አምራቹ ከ500 እስከ 800 ሚሊ አምፔር ይችላል፤ በ100 ሚሊ አምፔር ላይ ከ100 እጥፍ በላይ ያባዛል። «25» የሚል የተጨመረበት ከ160 እስከ 400፥ «40» የሚል ያለበት ከ250 እስከ 630 ይደርሳል። በሥራ በኩል ሁለቱ እኩል ይሆኑልናል። እኔ ወደ ቢሲ337 ያዘነበልሁት በእግሮቹ ምክንያት ነው።

የእግር ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ጠፍጣፋውን ፊት ወደ ራሳችን፥ እግሮቹን ወደ ታች አድርገን ከግራ ወደ ቀኝ ስናነብ፥ 2ኤን3904 ኢሚተር፥ ቤዝ፥ ኮሌክተር ነው። ቢሲ547ና ቢሲ337 ግን ኮሌክተር፥ ቤዝ፥ ኢሚተር ናቸው። የጃፓኖቹ ሲ945ና ሲ1815 ኢሚተር፥ ኮሌክተር፥ ቤዝ ስለ ሆኑ መካከለኛው እግር እንኳ ቤዝ አይደለም። ከሁሉ የከፋው 2222 ነው። በብረት ቆብ የተሠራው ጥንታዊው ዓይነት በጠርዙ ላይ ትንሽ ጆሮ አለችው፤ ለጆሮዋ የሚቀርበው እግር ኢሚተር ነው። በፕላስቲክ የተሠራው ፒኤን2222ኤ ኢሚተር፥ ቤዝ፥ ኮሌክተር ሲሆን፥ ፒ2ኤን2222ኤ ተብሎ የተሠራው ደግሞ ኮሌክተር፥ ቤዝ፥ ኢሚተር ነው! በስሙ ውስጥ አንዲት «2» ብትጨመር እግሩ ይገለበጣል። 20 ሰሌዳ በካውያ ለሚበይዱ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ይህን ማሰጠት ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ቢሲ547ና ቢሲ337 አንድ ዓይነት የእግር ተራ ስላላቸው፥ አንዱን ያወቀ ሁለቱንም ያውቃል።

ገንዘብ ለሌለው ሰው ከተበላሸ ሬዲዮና ከመጫወቻ መንቀልም ጥሩ መንገድ ነው። ኤስ8050 የሚባለው በርካሽ ዕቃዎች ውስጥ በብዛት ይገኛል፤ 25 ቮልት ብቻ ቢችልም ለ6 ቮልት ደወል ከበቂ በላይ ነው። የተነቀለውን ከመጠቀም በፊት ግን በቴስተር መፈተን ያሻል። የዲዮድ ምልክት ባለበት ላይ አድርጎ ቀዩን ዘንግ በአንደኛው እግር ላይ አጽንቶ ጥቁሩን በሌሎቹ ሁለት ላይ በየተራ መንካት ነው። በሁለቱም ላይ ከ0.6 እስከ 0.7 ያሳየ እንደ ሆነ፥ ቀዩ ያረፈበት ቤዝ ነው፥ ትራንዚስተሩም ኤንፒኤን ነው። ጥቁሩ በአንዱ ላይ ጸንቶ ቀዩ ሲዘዋወር ይህ ቁጥር ከታየ ፒኤንፒ ነው። ቁጥሩ 0.2 ወይም 0.3 ሆኖ ከተገኘ ዕቃው የድሮ ጀርማኒየም ነው፤ ጀርማኒየም ተዘግቶም ሳለ ኮረንቲ ያንጠባጥባልና፥ ወር ሙሉ ተዘግቶ ለሚጠብቅ ደወል አይመከርም። ሲሊኮኑ ግን ሲዘጋ የሚያሳልፈው ከአንድ ማይክሮ አምፔር እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፥ ደወሉ ሳይጮህ በሚጠብቅበት ጊዜ የባትሪው ድንጋይ ብዙም አይነካም።

ዛሬ ሞስፌት የሚባል ሌላ ዓይነትም በገበያ አለ፤ ለምሳሌ 2ኤን7000። እሱ በበሩ እግር ኮረንቲ አይፈልግም፤ ይህም ለውኃ ደወል የተመኘነው ነገር ነው። ነገር ግን የሚሸከመው 200 ሚሊ አምፔር ገደማ ብቻ ነው፤ ከሱፍ ሹራብ የሚነሣ ብልጭታም ይገድለዋል። ለሚመጣው ዓመት ክበብ ብተወው እመርጣለሁ።

በመጨረሻ ክበቡ 20 ቢሲ547ሲ፥ 20 ቢሲ337-25 እና ለሙከራ 10 ፍሬ 2ኤን3904 እንዲገዛ በድምፅ ብልጫ ወሰነ። 2ኤን2222ን የደገፉት ጓደኞቻችን እስከ መጨረሻው አልተስማሙም፤ በክርክራቸውም አንድ ጠቃሚ ነገር አስጨምረዋል። ይኸውም ደወሉ በውስጡ የሽቦ ጥቅል ስላለው በተቋረጠ ቁጥር ወደ ኋላ የሚመታ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያስነሣልና፥ የትኛውም ትራንዚስተር ቢመረጥ ከደወሉ ጋር ጎን ለጎን 1ኤን4007 ዲዮድ፥ ቀለበት ያለበት ጫፉ ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ሆኖ መግባት አለበት። በመጀመሪያው ቤዝና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከልም 100 ሺህ ኦም እንጨምራለን፤ ይህ በክረምት እርጥበት ብቻ ደወሉ እንዳይጮህ ያግዛል።

ደወሉን ለምትወስዱ ወላጆች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ዘንጎቹ የመዳብ ሽቦ እንዳይሆኑ። ኮረንቲ በውኃ ውስጥ ሲያልፍ በፖዘቲቩ በኩል ያለውን መዳብ ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ አረንጓዴ ዝቃጭም ያወጣል። እኛ የምንጠቀመው ከተራ እርሳስ ውስጥ የወጣውን ጥቁር ፍሬ ነው። ጣሳውም ለብቻው የሚቀመጥ ይሁን፤ የሚጠጣ ውኃ በእርሱ አይቀዳበት። ደወሉ ሲጮህ ጣሳውን አፍስሶ፥ ዘንጎቹን በጨርቅ አድርቆ መመለስ ነው። የቀሩት 10 ትራንዚስተሮች በላቦራቶሪው ውስጥ በክብሪት ሳጥን ተቀምጠዋል፤ የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በፊዚክስ መምህራችን ዘንድ ይገኛል።